ከቀድሞ ጓደኛዬ ጋር ስለ ድራማ መከራከሬ ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦

ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን መምህር። የ28 ዓመት ሴት ነኝ፤ ለአራት ዓመት በፍቅር አብሬው ከቆየሁት ሰው ጋር ከተለያየን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ያጣላን ነገር አልነበረም፤ እርሱ ቀስ በቀስ መደወል አቆመ፣ እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ባለፈው ክረምት አንድ አዲስ ተከታታይ ድራማ በተጀመረ ጊዜ «ይህን እያየሽ ነው?» ብሎ በቴሌግራም ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ ድራማው በታየ ቁጥር፣ አዲስ ፊልም በወጣም ጊዜ፣ ማን አጠፋ፣ ማን ልክ ነው እያልን እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን። በአካል አንገናኝም፤ ስለ ራሳችንም አንዲት ቃል አንነጋገርም። አሁን ቤተሰብ የሚያውቀው እጮኛ አለኝ፤ ከትንሣኤ በኋላ በተክሊል ለመጋባት ቀን ቆርጠናል። ይህን ወሬያችንን ግን አልነገርሁትም፤ የተጻጻፍነውንም አጠፋዋለሁ። በቅርቡ በታየው ክፍል እጮኛውን ሳይሰናበት ጥሎ የሄደ ሰው ከዓመታት በኋላ ተመለሰ። እርሱ «የሚናገረው ቢያጣ ነው እንጂ ንቋት አይደለም» ብሎ ተሟገተለት፤ እኔ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስመልስለት ቆይቼ በመጨረሻ አለቀስሁ። ስለ ፊልም መከራከር ኃጢአት ነውን? ብተወውስ ቂም መያዝ አይሆንብኝምን? በዐቢይ ጾምም አላቋረጥንምና ጾሜ ተቀባይነት ይኖረው ይሆን?

መልስ፦

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እኅታችን፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብሁት። የተንቀጠቀጠውን እጅሽንና እንባሽን ሳትደብቂ ስለ ጻፍሽ አመሰግንሻለሁ፤ መልሱ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ስለ አንድ ድራማ መነጋገር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን እናንተ ስለ ድራማው እየተነጋገራችሁ አይመስለኝም።

ስለ ፊልሙ ብዙ አልናገርም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ የውጭ አገር ድራማዎችን በአማርኛ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ፣ ቡና እየተጠጣ ስለ ባለታሪኮቹ እንደ ጎረቤት ሰው መከራከር በየቤቱ ተለምዷል፤ በአገራችን ተከታታይ ድራማዎችም እንዲሁ ነው። እናት ከልጆቿ ጋር ተቀምጣ «ይህ ሰው በድሏል፣ ይህች ሴት ግን ታግሣለች» ስትል ልጆቹ በጎውን ከክፉው ሲለዩበት በዐይኔ አይቻለሁ። ዝሙትን አስጊጦ የሚያሳየውን፣ የእግዚአብሔርን ስም የሚያቃልለውን አትዪው፤ ለቀረው ቅዱስ ጳውሎስ «ሁሉ ተፈቅዶልኛል፥ በእኔ ላይ ግን አንድ ነገር እንኳ አይሠለጥንብኝም» (1ኛ ቆሮ. 6፥12) ያለው መመዘኛ ይበቃሻል።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሳለ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ399 ዓ.ም.፣ ምእመናኑ ጌታችን በተሰቀለባት ዕለት በዓርብ ወደ ፈረስ ሠረገላ እሽቅድምድም፣ በማግሥቱ ቅዳሜም ወደ ቲያትር ቤት ስለ ሄዱ አዝኖ ገሥጿቸው ነበር። በዚያ ተግሣጹ ላይ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ፤ አፈ ወርቅ የሚያስጨንቀው በመድረኩ ላይ የሚታየው ብቻ አልነበረም። ቲያትር ቤቱ ተዘግቶ ሁሉም ከወጣ በኋላ የተዋናይቱ ቃል፣ አካሄዷና አስተያየቷ በተመልካቹ ነፍስ ውስጥ እንደሚቀር፣ ሰውየውም ያንን ይዞ ወደ ቤቱና ወደ ሚስቱ እንደሚገባ ይናገራል። የአንቺም ድራማ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለው ግን የድራማው ደራሲ የጻፈው አይደለም፤ የምትጽፉት እናንተ ሁለታችሁ ናችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ንጉሡ ዳዊት በቤርሳቤህና በኦርዮ ላይ ያንን ታላቅ በደል ከፈጸመ በኋላ ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ ገብቶ አንድ ታሪክ ነገረው (2ኛ ሳሙ. 12)። ብዙ በግና ላም ያለው ባለጠጋ፣ ከአንዲት ታናሽ በግ በቀር ሌላ የሌለውን ድሃ በግ ቀምቶ ለእንግዳው አረደ። ዳዊት ታሪኩን ሲሰማ ቍጣው ነደደ፤ ያን ያደረገ ሰው የሞት ልጅ ነው ብሎ ፈረደ። ስለማያውቀው ሰው፣ በታሪክ ውስጥ ብቻ ስላለ ሰው፣ ይህን ያህል የተቈጣው ለምን ነበር? ታሪኩ የራሱን ቍስል ስለ ነካው ነው። ናታን ግን ዳዊትን በምሳሌው ውስጥ አልተወውም፤ «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ዳዊትም «እግዚአብሔርን በድያለሁ» ብሎ ተናዘዘ፤ ወዲያውም የይቅርታውን ቃል ሰማ።

እናንተስ? ስምንት ወር ሙሉ ምሳሌውን እየተናገራችሁ «ያ ሰው አንተ ነህ» የሚለው ቃል ላይ አልደረሳችሁም። እርሱ ሳይሰናበት ለሄደው ሰው የተሟገተው ስለ ራሱ ነው፤ «የሚናገረው ቢያጣ ነው» ያለሽም የድራማውን ሰው ሳይሆን ራሱን ነው። አንቺም እጅሽ የተንቀጠቀጠው ለዚያች ልብ ወለድ ሴት ብለሽ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት «ለምን?» ብለሽ ልትጠይቂው ሲገባሽ ያልጠየቅሽው ጥያቄ፣ መውጫ ሲያጣ በሌላ ሰው ታሪክ በኩል መውጣት ጀመረ። ይህን የምጽፈው ልከስሽ ብዬ አይደለም፤ ሰውየውም ክፉ አሳብ አለው ብዬ አልፈርድበትም፤ እርሱም ምናልባት ይቅርታ የሚጠይቅበትን አፍ ያጣ ሰው ይሆናል። ግን በዚህ መንገድ ይቅርታ ተጠይቆ አያውቅም፤ ይቅርታም ተሰጥቶ አያውቅም። ቍስሉ በየሳምንቱ ይከፈታል፣ አይታጠብም፣ አይታሰርምም።

አባቶቻችን ኃጢአት በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር ይፈጸማል ብለው ያስተምሩናል፤ ማለትም በማሰብ፣ በመናገርና በመሥራት። አንቺ «በአካል አንገናኝም» ስትዪ ገቢሩ እንደሌለ መናገርሽ ነው፤ እውነት ነው፣ ይህም ትልቅ ነገር ነው። «ስለ ራሳችን አንነጋገርም» ስትዪም ነቢቡ እንደሌለ መናገርሽ ነው፤ በዚህ ግን አልስማማም፤ ነቢቡ አለ፣ የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ ነው እንጂ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ኀልዮው ነው። ድራማው የሚታይበት ቀን እስኪደርስ የምትናፍቂው ታሪኩን ነው ወይስ ከታሪኩ በኋላ የሚመጣውን መልእክት? ይህን ለእኔ አትመልሺልኝ፤ በጸሎት ቆመሽ ለራስሽ መልሺ። ጠቢቡ ሰሎሞን «በጉያው እሳትን የሚታቀፍ ልብሶቹስ የማይቃጠሉ ሰው ማን ነው?» (ምሳ. 6፥27) ብሎ የጠየቀው፣ እሳቱ ትንሽ ነው ብሎ የሚያቅፈውንም ሰው ነው።

ደግሞ እጮኛሽ አለ። የተጻጻፋችሁትን የምታጠፊው ነገሩ ንጹሕ ስለ ሆነ አይደለም። በሰንበት ትምህርት ቤት እጮኞችን ሳስተምር አንዲት እኅት ከዚህ የሚመሳሰል ነገር ለእጮኛዋ ነግራው ነበር። እጅግ ፈርታ የነበረው «ምን ተባባላችሁ?» ብሎ እንዳይጠይቃት ነው፤ እርሱ ግን የጠየቃት «ለምን አጠፋሽው?» ብሎ ብቻ ነበር። ያን ቀን ከንግግሩ ይልቅ ማጥፋቱ እንደ ጎዳው በፊቱ ላይ ይታይ ነበር። በተክሊል አንድ ሥጋ ልትሆኚው የተዘጋጀሽለት ሰው ባለማወቁ ምክንያት ሰላም ያለው መስሎት መኖር የለበትም።

ብትተዪው ቂም እንዳይሆንብሽ መፍራትሽን ወድጄዋለሁ፤ የክርስቲያን ፍርሃት ነው። ነገር ግን ይቅር ማለትና መቀራረብ አንድ አይደሉም። አብርሃምና ሎጥ እረኞቻቸው በተጣሉ ጊዜ አብርሃም «በእኔና በአንተ መካከል ጠብ እንዳይሆን እለምንሃለሁ» ካለ በኋላ ወዲያው «ከእኔ ትለይ ዘንድ እለምንሃለሁ፤ አንተ ግራውን ብትወስድ እኔ ወደ ቀኝ እሄዳለሁ» አለው (ዘፍ. 13፥8-9)። የተለያዩት ጠብ እንዳይኖር ብለው ነው። መለያየታቸውም ፍቅርን እንዳላጠፋ በሚቀጥለው ምዕራፍ እናያለን፤ ሎጥ በተማረከ ጊዜ አብርሃም 318 ብላቴኖቹን ይዞ ሄዶ አስጣለው። ሎጥን ካዳነው በኋላ ግን ድንኳናቸውን ዳግም በአንድ ቦታ አልተከሉም። አንቺም ይህ ሰው ቢታመም ልትጸልዪለት፣ ቢቸገር በእጮኛሽ ዕውቀት ልትረጂው፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስትገናኙ ሰላም ልትዪው ትችያለሽ። በየሌሊቱ መጻጻፍ ግን ከዚህ ውስጥ የለበትም።

እንግዲህ አንድ ጊዜ፣ ድራማና ባለታሪክ ሳትጠቅሺ፣ በግልጽ ጻፊለት። «ያን ጊዜ ሳትነግረኝ መሄድህ ጎድቶኛል፤ እኔም ሳልጠይቅህ መቅረቴን አውቃለሁ። ስለ እግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብዬሃለሁ፤ አንተም ይቅር በለኝ። ላገባ ነው፤ ከእንግዲህ በዚህ መልኩ አንጻጻፍም» ብትዪው ይበቃል። ምላሹ ረጅም ቢሆን፣ ልብ የሚነካም ቢሆን፣ ሌላ ክርክር አትክፈቺበት። እጮኛሽ ከመልእክቱ በፊት ይወቅ፤ ቃሉንም ቢፈልግ ያንብበው። ድራማውን ማየት ከወደድሽ ከእናትሽ ወይም ከእኅትሽ ጋር እዪው፤ ክርክሩም ቡናው ሲያልቅ ይለቅ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እጅሽ ወደ ስልኩ መሄዱ በአንድ ቀን አይተውሽም፤ በዚያ ሰዓት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገሚ፣ ከመዝሙረ ዳዊትም 50ኛውን ጨምሪ፤ ዳዊት ናታን ወደ እርሱ ከመጣ በኋላ የጸለየው ጸሎት ነው።

ስለ ጾምሽም፣ እግዚአብሔር የተንቀጠቀጠች እጅ ይዛ የምትመጣን ልጁን ጾም ይንቃል ብለሽ አትስጊ። ነገር ግን ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው «ይጹም ዐይን ይጹም ልሳን፤ እዝንኒ ይጹም እምሰሚዐ ሕሡም» ብሎ ዐይን፣ አንደበትና ጆሮ ጭምር እንዲጾሙ አዝዟል። ከሥጋና ከወተት የተከለከለች አንደበትሽ እስከ እኩለ ሌሊት ባልተጠየቀ ይቅርታ ዙሪያ ስትመላለስ ከቆየች ጾሙ ገና አልደረሰባትም። የቀሩትን ሳምንታት በዚህ ጀምሪያቸው። ካሁን በፊት በዚያ የአራት ዓመት ጓደኝነት ውስጥ ያልተናዘዝሽው ነገር ካለም አብረሽ ተናዘዢ፤ ከተክሊሉ ጋር ሥጋ ወደሙ መቀበላችሁ አይቀርምና በዚያ ቀን የምታመነቺበት ነገር አይኑር። ለዚያ ሰው መልእክቱን ከመላክሽ በፊት ደግሞ የንስሐ አባትሽን አግኚ፤ የጻፍሽውን አሳዪአቸው፣ የበዛውን ቃል ይቀንሱልሻል፣ የጎደለውንም ይጨምሩልሻል።