ተማሪዎች ዴቭ ሜምን (/dev/mem፣ የማሽኑን ሜሞሪ በቀጥታ የሚያሳይ የሊኑክስ ፋይል) እንዳያነቡ እንዴት ልከልክል ላልከው መልሱ፦ ሱዶ (እንደ አስተዳዳሪ ትእዛዝ ማስኬጃ) ያለው ተማሪ እንዳያነበው
ቸሞድ (የፋይል ፈቃድ መቀየሪያ ትእዛዝ) አይበቃህም። የፋይል ፈቃድ ሩትን (ሙሉ ሥልጣን ያለውን ተጠቃሚ) አያግደውም፤ መዝጋት ያለብህ ከከርነሉ (ከሲስተሙ እምብርት) ነው።

አዳማ ያለው ላብህ ራስበሪ ፓይ 4 (ትንሽዬ ኮምፒውተር) ነው ስላልክ፣ ከርነሉን ስትገነባ «ስትሪክት ዴቭሜም» እና «አይኦ ስትሪክት ዴቭሜም» የሚሉትን ሁለቱንም ምርጫዎች አብራ። የመጀመሪያው ራሙን ይዘጋል፤ በ64 ቢት አርም (የፓይ 4 የፕሮሰሰር ዓይነት) አብዛኛውን ጊዜ በርቶ ታገኘዋለህ። ሰው የሚረሳው ሁለተኛውን ነው፦ ድራይቨር (ሃርድዌር የሚያንቀሳቅስ የከርነል ፕሮግራም) የያዘውን የሬጅስተር (የሃርድዌር መቆጣጠሪያ አድራሻ) ክልል ከዩዘር ፕሮግራም የሚከለክለው እሱ ነው። ማን የትኛውን ክልል እንደያዘ ፕሮክ ፎልደር ውስጥ ያለውን አይኦሜም ፋይል (/proc/iomem) በሱዶ ካት (የፋይል ይዘት ማሳያ ትእዛዝ) አድርገህ እይ። ያለ ሱዶ አድራሻው ሁሉ ዜሮ ነው የሚታይህ።

«የራሴ የጂፒአይኦ ፕሮግራምስ ይሰበራል?» ላልከው፣ ጂፒአይኦን (የቦርዱን መግቢያና መውጫ ፒኖች) የሚነካውን ፕሮግራም ከዴቭ ሜም ወደ ዴቭ ጂፒአይኦሜም (/dev/gpiomem) አዙረው። ይህ ፋይል የጂፒአይኦ ሬጅስተሮችን ብቻ ያሳያል፣ ሩትም አይፈልግም። ተጠቃሚውን ጂፒአይኦ ግሩፕ ውስጥ ጨምረው፣ አለቀ።

ለተማሪዎቹ ሱዶውንም ቀንስላቸው እንጂ! ቡት መስመሩ (ከርነሉ ሲነሳ የሚያነበው ማዘዣ) ላይ «አይኦሜም እኩል ይሆናል ሪላክስድ» (iomem=relaxed) ብሎ የጻፈ ተማሪ ሁለተኛውን መዝጊያ ይከፍተዋል።

ከከርነል 5.4 ጀምሮ ሎክዳውንም (ሩትን ራሱ የሚገድብ የከርነል መቆለፊያ) አለ፤ ዴቭ ሜም ጭራሽ እንዳይከፈት ያደርጋል። ግን ቸኩለህ አታብራው። እኔ እዚህ ሀዋሳ አንድ ደንበኛ ጋ ኢንተግሪቲ (ቀለል ያለው የሎክዳውን ደረጃ) ላይ አድርጌ ሪቡት ሳደርግ፣ የዋይፋይ ዶንግሉ ሞጁል (ድራይቨሩ) ዲጂታል ፊርማ ስላልነበረው አልጫንም አለ። ማሽኑ ኮርኒስ ስር ተሰቅሏል፣ ኪቦርድ የለም፣ በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ከሩቅ መግቢያ) አይገባም። ከጎረቤት መሰላል ተውሰን ኤስዲ ካርዱን አወረድንና በላፕቶፕ ሎክዳውኑን ከቡት መስመሩ ላይ አጠፋሁት። አንዴ ከበራ ያለ ሪቡት አይወርድም፤ መጀመሪያ ኬብል የተሰካበት ማሽን ላይ ሞክረው።