ገናን በድሮ ወግ፦ ለጠየቃችሁኝ

የዘንድሮን ገና ቤታቸው «እንደ ድሮው» አድርገው ሊያከብሩ ያሰቡ በዝተዋል። ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን እነሆ።

«እትዬ፣ ሳሎኔን የ1960ዎቹን ማስመሰል እፈልጋለሁ። ዕቃው ከየት ይገኛል?» (ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር)

ከእናትሽ ቤት! ገበያ ከመውጣትሽ በፊት «ቁም ሳጥንሽን ክፈችልኝ» በያት። በልጅነታችን ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ አልነበረም፤ ሬዲዮው፣ የሶፋው መደገፊያ፣ የውሃው ጆግ ሳይቀር። እሱን አጥበሽ፣ አሚዶ ነክረሽ ተኩሺው። ሳሎንሽ በአንድ ቀን ሃምሳ ዓመት ወደኋላ ይሄድልሻል።

ግድግዳው ላይ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ስቀይ። ዋናውን ግን አትንኪ፤ ፎቶ ቤት አሳትመሽ ኮፒውን ለጥፊ። እኔ አንዴ የአባቴን ፎቶ በፕላስተር ለጥፌ ስነቅለው ግማሽ ፊቱ አብሮ ተነሣ። እናቴ እስከ ጥምቀት አኩርፋኝ ነበር።

የድሮ የእንኳን አደረሳችሁ ፖስትካርድ ካለ ደግሞ በሲባጎ ደርድረሽ ከመስኮቱ አናት ዘርጊው። ለዛፉ የጥድ ቅርንጫፍና ብጥስጥስ ጥጥ ይበቃል። በባሕር ዳር ሙቀት በረዶ ማስመሰላችን ያስቀኛል፤ ግን ያደግንበት ነው፣ ምን ይደረግ!

«አባታችን የተወልን የሸክላ ማጫወቻ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ያስጨፍራል?»

እንግዳ ለመቀበል አዎ፣ ለሌሊቱ ግን አይሆንም። የዚያ ዘመን የአማርኛ ሸክላ አብዛኛው ትንሹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ነው። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን ያሳተመባቸውም እንዲሁ ናቸው። በአንድ ጎን አንድ ዘፈን ነው፤ ጭፈራው ሞቅ ሲል ያልቃል፣ አንድ ሰው እሱን ሲገለብጥ ያመሻል። ሁለት ሦስቱን አጫውትና በስልክህ ቀጥል፣ ማንም አይታዘብህም። ሸክላውን ግን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቀው፤ ይጣመማል።

«ጣና ሐይቅ ዳር ያለው የእምቦጭ አበባ ያምራል። ቆርጬ ጠረጴዛ ላይ ባደርገውስ?»

ኧረ በጊዮርጊስ! ሐምራዊው አበባ አያታልልሽ፤ እምቦጭ አረም ነው። ቁራጩ ውሃ ካገኘ ይበቅላል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ሰው ወገቡ እስኪጎብጥ ነቅሎ ያወጣውን አንቺ ቤትሽ ታስገቢያለሽ? ደንገሉንም አትቁረጪ፤ ዓሣ የሚጠለልበት ነው። ካሰኘሽ ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች ይሸጣሉ፣ አንዷን ከመሶቡ አጠገብ አስቀምጪ። ወለሉን ቄጠማ ጎዝጉዢው፣ በቃ።

«ገና ዕለት ዘመድ ጋ ነን። ድግሱን ታኅሣሥ 26 ባደርገውስ?»

ጾም ነዋ! ጾመ ነቢያት የሚፈታው በገና ነው። ዶሮ የለም፣ ቅቤ የለም። «ዓሣ ይበላል፣ አይበላም» የሚል ክርክር ከተነሣማ ምሽቱ አለቀለት። ወይ በየዓይነቱ አቅርብ፣ ወይ ከበዓሉ ቀጥሎ ወዳለው ቅዳሜ አሻግረው። እኔ ብሆን አሻግረዋለሁ፤ የድሮ ድግስ ያለ ዶሮ ወጥ አይሆንልኝም።