የቆዩ የጨረር ሕክምና ፕላኖችን እንዴት እናስቀምጥ?

እህታችን የክፍላቸው የፕላኒንግ ሰርቨር ስለሞላ፣ ሕክምና የጨረሱ ታካሚዎችን ፕላን (ጨረሩ የት እና ምን ያህል እንደሚሰጥ የተሰላበትን ዕቅድ) በፒዲኤፍ ይዞ ሌላውን ማጥፋት ይቻል እንደሆነ ጠይቃለች። ፒዲኤፍ ብቻ ይዛችሁ በፍጹም አታጥፉ እላለሁ።

አርካይቭ የሚያስፈልገው ታካሚው ተመልሶ ለሚመጣበት ቀን ነው። ደረቷ ላይ ጨረር የወሰደች ሴት ከዓመታት በኋላ ሕመሙ አከርካሪዋ ላይ ወጥቶ ትመጣለች። አዲሱ ከድሮው ጋር ሲደራረብ ህብለ ሰረሰሯ ስንት ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) እንደሚያገኘው ማወቅ ግድ ነው። ፒዲኤፍ ላይ ያለን ስዕል ደግሞ አዲሱ ሲቲ (የሰውነት ስካን ምስል) ላይ መደመር አይቻልም።

ስለዚህ ፕላኑ የተሠራበት ሲቲ፣ ኮንቱሩ (ዕጢውና የአካል ክፍሎቹ የተከበቡበት መስመር)፣ ፕላኑና ዶዙ (የተሰላው የጨረር መጠን) አራቱም በዳይኮም (ሁሉም የሕክምና ምስል ሶፍትዌር በሚያነበው የጋራ የፋይል ዓይነት) አብረው ይቀመጡ። በውስጥ መለያ ቁጥር የተሳሰሩ ናቸው። ሲቲው ከጠፋ ኮንቱሩ ባዶ መስመር ሆኖ ይቀራል። «ዶዙን ከፕላኑ መልሰን እናሰላዋለን» የሚሉ አሉ። ማሽኑ ተቀይሮ የቢም ሞዴሉ (የማሽኑ ጨረር በሶፍትዌሩ ውስጥ የተገለጸበት መረጃ) ከሌለ ወይም አልጎሪዝሙ (የማስሊያ ዘዴው) ሌላ ከሆነ ያው ቁጥር አይመጣም። የፕላኒንግ ሶፍትዌሩን የራሱን ባክአፕም ያዙ፤ ግን እሱን ብቻ አትመኑ። ሶፍትዌሩ ሲቀየር የሚከፍተው ይጠፋል።

ብዙዎቻችን የምንረሳው የተሰጠውን ዶዝ ነው። ፕላኑ 60 ግሬይ በ30 ፍራክሽን (ተከፋፍሎ በሚሰጥ ዙር) ይላል። ታካሚው ግን 18ኛው ላይ አቋርጧል፤ የደረሰው 36 ግሬይ ነው። እኛ አገር ይሄ ብርቅ አይደለም። ከክፍለ ሀገር መጥቶ የቤት ኪራይ ያለቀበት አለ፣ ማሽን ተበላሽቶ ተስፋ የቆረጠ አለ። አርካይቩ ውስጥ ፕላኑ ብቻ ካለ ቀጣዩ ሐኪም 60 ብሎ ያስባል፤ ሊሰጥ የሚችለውንም ሕክምና ይከለክላል። የእያንዳንዱ ቀን የሕክምና መዝገብ ከፕላኑ ጋር ይግባ። መሃል ላይ ፕላን ከተቀየረም በየትኛው ስንት ፍራክሽን እንደተሰጠ ይጻፍ።

በኮባልት (የቀድሞው የጨረር ማሽን) ዘመን የታከሙ ሰዎችን የወረቀት ካርድ ስካን ስታደርጉ ደግሞ ቀኑን አስተውሉ። ካርዱ ላይ 2008 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከሆነ፣ በፈረንጅ 2015 ወይም 2016 ነው። ሳይቀየር ሲስተም ውስጥ ከገባ በሁለቱ ሕክምናዎች መካከል ሰባት ስምንት ዓመት ይጨመራል። ህብለ ሰረሰሩ ለማገገም ያላገኘውን ጊዜ እንዳገኘ ይቆጠራል። ይሄ በጣም ያስፈራኛል።

ቦታውን በተመለከተ፣ 200 ስላይስ (ቁራጭ ምስል) ያለው ሲቲ 100 ሜጋባይት ገደማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨር የሚሞላው የታካሚውን አቀማመጥ ለማረጋገጥ በየቀኑ ማሽኑ ላይ በሚነሱ የኮን ቢም ምስሎችና ለሙከራ ተሠርተው ባልጸደቁ ፕላኖች ነው። መጀመሪያ የሙከራዎቹን አጽዱ። ነገ የቱ እንደተሰጠ የሚያምታቱትም እነሱ ናቸው።

ቅጂው ሦስት ይሁን። አንዱ ከሕንፃው ውጭ፣ አንዱ ከኔትወርክ የተነቀለ። ቫይረስ ሲገባ የተገናኘውን ሁሉ ነው የሚቆልፈው። ከዚያ ጥቂት ታካሚዎችን ከአርካይቩ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልሳችሁ ክፈቱ። ኮንቱሩ ሲቲው ላይ በትክክል ተቀምጧል? የህብለ ሰረሰሩ ከፍተኛ ዶዝ ከጸደቀው ሪፖርት ጋር አንድ ነው? ሁለቱም አዎ ከሆነ ከሰርቨሩ ላይ ማጥፋት ትችላላችሁ።