መልስ፦ የፈላው አሚን ለምን ዳግም ጋዝ አይይዝም?
ወንድሜ፣ የእምቦጩን ባዮጋዝ ያጠብክበት 30% ሞኖኢታኖልአሚን (ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዝ የአሚን ዓይነት፣ በውሃ የተበጠበጠ)፣ በክፍት ድስት አፍልተህ ስትመልሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደንብ አልያዘልህም። ተበላሽቷል ብለህ ከመድፋትህ በፊት አስብ፤ ባሕር ዳር 1800 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ካርባሜቱን (አሚኑ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲያያዝ የሚፈጠረውን ውህድ) ለመፍታት ፋብሪካዎች ግን 110–120 ዲግሪ ይጠቀማሉ። ስለዚህ የድሮው ጋዝ ገና ውስጡ ነው። ማንተክተክ ብቻ አይበቃም፤ ከሥር እንፋሎት ንፋበት፣ ጋዙን ጠርጎ ይወጣል። የተነነውን ውሃ ተካ። ድስቱን ግን እንዳትደፍነው፣ ይፈነዳል!

ለማረጋገጥ ከአሚኑ 2 ሚሊ ሊትር ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምረህ የሚወጣውን ጋዝ ለካ፤ በአንድ ሞል አሚን 0.5 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘ ከሆነ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰጣል። ከጋዙ መጠን ሞሉን ስታሰላ በባሕር ዳር የአየር ግፊት፣ በ82 ኪሎፓስካል ሥራው፤ በባሕር ጠለል ግፊት፣ በ101 ከሠራኸው ሩብ ያህል ታጋንናለህ።