መልስ፦ ሌሊት ለሽንት መነሳት የቴስቶስትሮን ማነስ ነው?

ወንድም ዓለም፣ «52 ዓመቴ ነው፣ ሌሊት አራቴ ለሽንት እነሳለሁ፣ የቴስቶስትሮን መርፌ ልጀምር?» ላልከው፣ አትቸኩል። ግንኙነት አለው፤ ግን ብዙ ጊዜ አንተ እንዳሰብከው አይደለም። ቴስቶስትሮን፣ ማለትም የወንድነት ሆርሞን፣ በብዛት የሚመረተው በእንቅልፍ ሰዓት ስለሆነ እንቅልፍ ሲቆራረጥ ይወርዳል። ስታንኮራፋ ትንፋሽህ የሚቋረጥ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ችግር ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ባለቤትህን ጠይቃት፣ አንተማ አትሰማውም።

መጀመሪያ ሽንትህን ለካ። የአንድ ሊትር ውሃ ፕላስቲክ አናቱን ቁረጥ፤ በ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ አምስት አምስቴ ውሃ እየጨመርክ በየ50 ሚሊ ሊትሩ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግበት። ሦስት ቀንና ሌሊት ሰዓቱንና መጠኑን ጻፍ። ጠዋት ስትነሳ የሸናኸው ከሌሊቱ ጋር ይደመራል፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሌሊቱ ድምር ከ24 ሰዓቱ ሲሶ በላይ ከሆነ ሽንት እየበዛ ነው፦ ስኳር፣ ጨው የበዛበት ራት፣ ያበጠ እግር፣ ማታ የተጠጣ ጠላ ይጠረጠራል። በየጊዜው 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ከሆነ ግን ፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለው እጢ) እና ፊኛ ይታዩ። ደም ካየህ ልኬቱን ተወውና ሂድ።

ቴስቶስትሮን የሚለካው በባዶ ሆድ፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ነው። ከአዘዞ ተነስተህ ጎንደር ፒያሳ ስድስት ሰዓት ብትደርስ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ያታልልሃል። መርፌው ደም ያወፍራል፣ የትንፋሽ መቋረጡንም ሊያባብስ ይችላል፤ ልጅ ካሰብክ ደግሞ የወንድ ዘር (ስፐርም) ምርትን ይቀንሳል።