ግዙፍ መርከብና ማሽን ሲያረጅ፦ ከአቃቂ፣ ከቃሊቲና ከገላን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በብረት ማቅለጫው፣ በጋራዡና በውዳቂ ብረት መጋዘኑ አካባቢ የሚሠሩ ሰዎች ያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (የቴክኒክና ሙያ ተማሪ፣ አቃቂ)፦ መርከብ ያን ያህል ወፍራም ብረት ሆኖ ለምን ይፈርሳል?

የጭነት መርከብ ባብዛኛው ከ25 እስከ 30 ዓመት ይሠራል። የሚያስፈርሰው ግን ከዕድሜው ይልቅ ሒሳቡ ነው። በየ5 ዓመቱ ጠቅላላ ምርመራ አለበት፤ የላሜራው ውፍረት ነጥብ በነጥብ በአልትራሳውንድ ይለካል፣ ዝገት ከተፈቀደው በላይ የበላው ክፍል ተቆርጦ በአዲስ ይተካል። ወደ 25 ዓመት ሲጠጋ የሚቀየረው ላሜራ ይበዛል። በዚያ ላይ የማጓጓዣ ዋጋ ከወረደ ባለቤቱ ከማሳደስ ይልቅ በብረትነቱ መሸጥን ይመርጣል። ያን ጊዜ ዋጋው የሚሰላው መርከቡ በሚጭነው ሳይሆን ባዶውን በሚመዝነው ቶን ነው።

ጥያቄ (ከዚያው)፦ በርዝመት ትልቁ መርከብ የትኛው ነበር? የትስ ደረሰ?

ሲዋይዝ ጃየንት የተባለው የጃፓን ሥራ ነዳጅ ጫኝ ነው። ርዝመቱ 458.45 ሜትር፣ የመጫን አቅሙ 564,763 ቶን። ሙሉ ጭነት ሲይዝ ወደ 24.6 ሜትር ጠልቆ ስለሚሄድ በስዊዝም በፓናማም ቦይ ማለፍ አይችልም ነበር። በኢራንና ኢራቅ ጦርነት ጊዜ፣ በ1988፣ ላራክ ደሴት አጠገብ የኢራቅ አውሮፕላኖች መትተው አቃጠሉት። ከተመታበት ተነሥቶ ታደሰና ስሙን እየለወጠ ወደ ባሕር ተመለሰ፤ ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ኳታር ላይ ቆሞ የነዳጅ ማከማቻ ሆነ። በ2009 መጨረሻ ተሽጦ ሕንድ አላንግ ዳርቻ ላይ ፈረሰ። 36 ቶን የሚመዝን መልሕቁ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ተጠብቆ አለ።

ጥያቄ (በያጅ፣ ቃሊቲ)፦ ያንን የሚያህል ነገር በምን ይቆርጡታል?

እኛ በምንሠራበት በኦክስጅንና በጋዝ ነው። አላንግ የተመረጠው ባሕሩ በቀን ሁለቴ በብዙ ሜትር ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው። አዲስ ወይም ሙሉ ጨረቃ ስትሆን ውኃው በጣም ከፍ ይላል፤ ያን ቀን መርከቡን ባዶ አድርገው በራሱ ሞተር በፍጥነት ወደ ዳርቻው ይነዱታል። ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ ይቀራል። ከዚያ ነዳጁና ዘይቱ ይመጠጣል፣ አስቤስቶሱ (ሙቀት የሚከላከል፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ቃጫ) ለብቻ ይነሣል፣ ቀጥሎ ከአፍንጫው ጀምሮ በትልልቅ ቁራጭ እየተቆረጠ በዊንች ወደ የብስ ይጎተታል፤ የብስ ላይ እንደገና ይቆራረጣል። የመርከብ አፈራረስን የሚገዛው የሆንግ ኮንግ ስምምነት ተግባራዊ የሆነው በሰኔ 2025 ነው፤ እንደ እኔ በጣም ዘግይቷል።

የሚገድለው ሁልጊዜ እሳት አይደለም። ተዘግቶ የቆየ ታንክ ውስጥ ዝገቱ ራሱ ኦክስጅኑን ይበላዋል። አየር ውስጥ 20.9 ከመቶ የነበረው ወርዶ ወርዶ ሰው የማያኖር ይሆናል፤ ሽታም ምልክትም የለውም። የገባው ሰው ወዲያው ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባውም አብሮት። ስለዚህ ሳይለካ አይገባም፤ ከ19.5 ከመቶ በታች ከሆነ ማናፈሻ ገጥሞ መጠበቅ ነው።

ጥያቄ (በያጅ፣ ቃሊቲ)፦ ቦቴ ብየዳም እንዲሁ ነው ማለት ነው?

አዎ፣ ይህን አደራህን በደንብ ያዘው። ናፍጣ የጫነ ቦቴ ነዳጁ ስለተቀዳ ባዶ ነው አይባልም። ከዝገት ቅርፊቱ ሥር የቀረው ናፍጣ ብየዳው ሲያሞቀው ተንኖ ይወጣል፤ ጠዋት ጋዝ የሌለው ታንክ ከአንድ ሰዓት ብየዳ በኋላ ሊፈነዳ የሚችለው ለዚህ ነው። ሁሉንም ክዳን ክፈት፣ በእንፋሎት አሳጥብ፣ ቅርፊቱን አስፍቅ፣ በማናፈሻ አየር አስገባ፣ ከዚያ በጋዝ መለኪያ ለካ። ሥራው እየሄደም ልኬቱ ይደገም። የሚበየደው ላይኛው ክፍል ከሆነ ታንኩን እስከዚያው ድረስ ውኃ መሙላት ይረዳል። በጭስ ማውጫ ጋዝ ሞልቶ መበየድ ልማድ ሆኗል፤ አትታመንበት።

ጥያቄ (የፋብሪካ ጥገና ኃላፊ፣ ገላን)፦ ከፈረሰ መርከብ የወጣ ጄኔሬተር በርካሽ ቀርቦልን ነበር። ለእኛ ይሆናል?

መጀመሪያ ሰሌዳውን ያንብቡ። የመርከብ ኤሌክትሪክ ባብዛኛው 440 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 380 ቮልትና 50 ኸርዝ። በደቂቃ በ900 ዙር 60 ኸርዝ የሚሰጠውን ወደ 750 ዙር ቢያወርዱት 50 ኸርዝ ያገኛሉ፤ ጉልበቱ ግን በግምት ስድስተኛውን ያጣል፤ ቮልቴጅ መቆጣጠሪያውና ገቨርነሩም (የሞተሩን ዙር የሚቆጣጠረው) እንደገና ይስተካከላሉ። በ720 ዙር የሚሠራ ከሆነ ዲናሞው ባለ 10 ፖል (የማግኔት ዋልታ) ነው። አምራቹ ለ750 ዙር ፈቅዶ ከሆነ ዲናሞውን በባለ 8 ፖል መተካት ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ማቀዝቀዣው ነው። መርከብ ላይ የሞተሩን ውኃ የሚያቀዘቅዘው የባሕር ውኃ ስለሆነ ከሞተሩ ጋር ራዲያተር አይመጣም፤ ራዲያተር ወይም የማቀዝቀዣ ማማ ከወጪው ይደመር። ሦስተኛ፣ ገላን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ለባሕር ዳርቻ የተጻፈውን ኪሎዋት ሙሉውን እዚህ አይጠብቁ፣ የአምራቹን የከፍታ ሠንጠረዥ ይጠይቁ። መርከቡን የሚነዳውን ዋናውን ሞተር ግን ፈጽሞ አይመኙት። ትልቁ 14 ሲሊንደር ያለው ዓይነት ብቻውን 2,300 ቶን ይመዝናል፣ የሚዞረውም በደቂቃ ወደ 102 ጊዜ ነው።

ጥያቄ (ውዳቂ ብረት ነጋዴ፣ ቃሊቲ)፦ ማቅለጫ ፋብሪካው አንዳንዱን ብረት ለምን ይመልስብናል?

አንደኛ፣ የተዘጋ ነገር ስላለበት ይሆናል፦ ሾክ አብዞርበር፣ የሃይድሮሊክ ሲሊንደር፣ ሁለት ጫፉ የተደፈነ ቧንቧ። ውስጡ ጥቂት ውኃ ካለ፣ 1,600 ዲግሪ የደረሰ ቅላጭ ውስጥ ሲገባ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ቅላጩ በሠራተኛው ላይ ይረጫል። ይህ ሰው የሚገድል ነገር ነው። ከመጫንዎ በፊት በሁለት ወገን ይብሱት ወይም ይቁረጡት፤ በእሳት ሳይሆን በመጋዝ፣ ዘይት ሊኖርበት ይችላልና።

ሁለተኛ፣ መዳብ። የዲናሞ ጥቅልና ሽቦ ያልወጣለት ሞተር ከብረቱ ጋር ከቀለጠ መዳቡ አይቃጠልም፣ እዚያው ይቀራል። ሲበዛ ብረቱ በግለቱ ሲዳመጥ ገጹ ይሰነጠቃል። መዳቡን ለይተው ቢሸጡ ዋጋውም ለእርስዎ ይሻላል።

ጥያቄ (ቤት ሠሪ፣ ኮዬ ፈጬ)፦ ፌሮ ስገዛ ደረጃውን በምን ልወቅ?

ጥንካሬውን የሚነግርዎት ላቦራቶሪ ነው፤ ውፍረቱን ግን ሚዛን ይነግርዎታል። ዲያሜትሩን በሚሊሜትር በራሱ አባዝተው ለ162 ያካፍሉ፤ የ1 ሜትሩ ኪሎ ነው። ባለ 12 ፌሮ 0.89 ኪሎ ስለሚሆን 12 ሜትሩ ቤርጋ ወደ 10.7 ኪሎ መምጣት አለበት። ባለ 10 ደግሞ 7.4 ኪሎ። ጥቂት ልዩነት ይፈቀዳል። ባለ 12 ተብሎ 9.5 ኪሎ ከመጣ ግን የተሸጠልዎት 11.3 ሚሊሜትር ነው። ከተለያየ እስር ጥቂት ቤርጋ ያስመዝኑ፣ ርዝመቱንም በሜትር ይለኩ፤ አጥሮ የሚመጣም አለ። ሲታጠፍ በውጭው ገጽ የሚሰነጠቀውን አይግዙ።