ላይዳር የለኝም ብለሽ ርዕስ አትቀይሪ

«አምስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያዬ ጂፒኤስ ሲጠፋ መንገዱን የማይስት ትንሽ ተሽከርካሪ ልሠራ ነበር፤ ላይዳር (በሌዘር ርቀት የሚለካ ሴንሰር) መግዛት ስላልቻልኩ ርዕሴን ልቀይር ነው። ደግሞስ በሴንሰር ፊውዥን (የተለያዩ ሴንሰሮችን ንባብ አዋህዶ የመጠቀም) ሙያ ማን ይቀጥረኛል?» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

እህቴ፣ አትቀይሪ። ላይዳር የሌለው ጥሩ ፕሮጀክት ሞልቷል።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ነው የሚዞሩት፤ ሲግናሉ እኛ ጋ የሚደርሰው እጅግ ደክሞ ነው። ረጃጅም ሕንፃዎች መሃል ቆመሽ ራይድ ስትጠሪ መኪናው ማዶ መንገድ ላይ ያለ መስሎ የሚታይሽ፣ አንዱ ምክንያት ሲግናሉ ከመስታወት ላይ ነጥሮ መምጣቱ ነው። ጨርሶ ቢጠፋ ይሻል ነበር፤ እሱ ግን «ስህተቴ ከ3 ሜትር አይበልጥም» እያለ 40 ሜትር ሊስት ይችላል። አክስለሮሜትርን (የፍጥነት ለውጥን የሚለካውን ሴንሰር) ሕንፃ አያግደውም፤ የራሱ በሽታ ግን አለበት። ንባቡ በ0.01 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ብቻ ቢዛባ፣ የቦታ ስህተቱ እየተጠራቀመ በአንድ ደቂቃ 18 ሜትር፣ በአሥር ደቂቃ 1,800 ሜትር ይሆናል። ካልማን ፊልተር (ሩዶልፍ ካልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው፣ በአፖሎ ጉዞም ያገለገለው ዘዴ) የሽማግሌ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ሁሉንም ሴንሰር ይሰማል፣ ለእያንዳንዱም እንደ ተአማኒነቱ ክብደት ይሰጣል። ቀመሩን ማንም ሸምድዶ ይመጣል። ምስክሩ (ሴንሰሩ) ሲዋሽ የሚነቃ ሰው ግን ብዙ አይገኝም።

የናሳን የማርስ ሄሊኮፕተር ኢንጀኒዩቲን እዪ። ማርስ ላይ ጂፒኤስ የለም፤ መንገዷን የምታውቀው ወደ ታች በሚያይ ጥቁርና ነጭ ካሜራ፣ እንቅስቃሴዋን በሚለኩ ሴንሰሮችና ከፍታ በሚለካ ሌዘር ነበር። ፕሮሰሰሯም የስልክ ነው፤ ስናፕድራገን 801። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2021፣ በስድስተኛ በረራዋ፣ 54 ሴኮንድ ያህል እንደበረረች አንድ ፎቶ ጠፋ። አንድ ብቻ። ከዚያ በኋላ በመጡት ፎቶዎች ላይ ሁሉ የተሳሳተ ሰዓት ተለጠፈ፤ ሶፍትዌሩም ያልነበረ ስህተት ሊያርም ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛት ጀመር። ከታሰበላት ቦታ 5 ሜትር ገደማ ውስጥ በሰላም አረፈች። ከረዷት ነገሮች አንዱ፣ ለማረፍ ስትወርድ መጨረሻ ላይ ካሜራውን እንዳትሰማ አስቀድሞ መወሰኑ ነው።

አንቺም ይህንኑ ያለ ምንም ወጪ ልትሠሪው ትችያለሽ። ዩሮክ የሚባለውን ነጻ የድሮን ዳታሴት (የተመዘገበ የበረራ መረጃ) አውርጂ፤ ካሜራው በሴኮንድ 20 ፎቶ፣ የእንቅስቃሴ ሴንሰሩ በሴኮንድ 200 ንባብ ይሰጣል፣ ትክክለኛው ቦታም አብሮ አለ። ከዚያ ሆን ብለሽ አበላሺው። የካሜራውን ሰዓት በ50 ሚሊ ሴኮንድ ግፊው፤ ሌላ ጊዜ ፎቶዎቹን ለ10 ሴኮንድ አጥፊያቸው። ፊልተሩ በሚጠብቀውና ሴንሰሩ በሚለው መካከል ያለውን ልዩነት በግራፍ አውጪ፤ ውሸቱ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ኢንተርኔቱ ካስቸገረሽ ስልክሽ ራሱ ጂፒኤስ፣ ጋይሮስኮፕ (መዞርን የሚለካ ሴንሰር) እና አክስለሮሜትር አለው፤ ታክሲ ውስጥ ይዘሽው መዝግቢ።

ሥራውን በተመለከተ ሳልሸነግልሽ ልንገርሽ፤ እዚህ አገር በሴንሰር ፊውዥን ስም የሚወጣ ማስታወቂያ እምብዛም አላይም። ሲ ፕላስ ፕላስና ፓይተን የሚባሉትን የፕሮግራም ቋንቋዎች፣ ሮስ የሚባለውንም የሮቦት ሶፍትዌር መሥሪያ ይዘሽ ከሄድሽ ግን ተሽከርካሪ መከታተያ፣ የመሬት ቅየሳ ድሮንና የኢምቤድድ ሶፍትዌር (መሣሪያ ውስጥ ተጭኖ የሚሠራ ሶፍትዌር) ሥራ ላይ ያው ችሎታ ይፈለጋል። ውጭ ካሰብሽ የእርሻ ትራክተርና የመጋዘን ሮቦት የሚሠሩትን ፈልጊ። አሜሪካ ውስጥ ከመከላከያ ጋር የተያያዘው ክፍል ብዙ ጊዜ ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ማመልከቻሽን እዚያ አትጨርሺ።

ሲቪሽ ላይ «ካልማን ፊልተር አውቃለሁ» የሚለውን መስመር ሰርዢልኝ። በቦታው ፊልተርሽ የት እንደተሳሳተና እንዴት እንደደረስሽበት ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ግራፉን ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።